ትልቁን የአሜሪካ ኢንዲ ሮክ አልበም እንምረጥ ካላችሁኝ

(ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ለሙዚቃ ወዳጆች ያወራሁት ነው። እንደተናገርኩት ለመጻፍ ሞክሬያለሁ።)

እሺ እንጀምር። መልሱን እስከመጨረሻ ደብቄ አላቆያችሁም። ትልቁ የአሜሪካ ኢንዲ ሮክ አልበም በ1984 የወጣው የሚኒትመን «ደብል ኒክልስ ኦን ዘ ዳይም» ነው (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው)። ሦስት ልጆች፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ድራም፣ 45 ዘፈን በሁለት ሸክላ፣ ለቀረጻው የወጣው ብር 1,100 ዶላር። ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቁ ካላችሁ ችግር የለውም፣ የመጣሁት እንድትሰሟቸው ነው። ሶኒክ ዩዝን ወይ ኒውትራል ሚልክ ሆቴልን በልባችሁ ይዛችሁ የመጣችሁ ደሞ ትንሽ ታገሱኝ፣ እነሱም ጋ እንደርሳለን።

መጀመሪያ ግን ምን እንደምንመርጥ እንስማማ፣ ምክንያቱም ይሄ ክርክር ሁሌ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ኢንዲ ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው የሚታየው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፣ ለስለስ ያለ ጊታር፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ዘፋኝ ምናምን። ሲጀመር ግን ጥያቄው ማን ከፈለ፣ ማን ወሰነ፣ ሸክላው የማን ነው የሚል ነበር። በ80ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲቢኤስ፣ ዋርነር፣ አርሲኤ፣ ኤምሲኤ፣ ኢኤምአይ እና ፖሊግራም፣ እነዚህ ስድስቱ ገበያውን ይዘውት ነበር፣ ትልልቆቹ ሬዲዮዎች የሚያጫውቱት የነሱን ነው፣ ሱቁም ፊት ለፊት የሚደረድረው የነሱን ነው። ከነሱ ውጪ የሆነ ባንድ ከቀን ስራው ያጠራቀማትን ይዞ ስቱዲዮ ይገባል፣ የሆነ ሙዚቃ ወዳድ በከፈተው ትንሽ ሌብል (የሸክላ አሳታሚ) ያሳትማል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለሚያንቀሳቅሷቸው ሬዲዮዎች ይልካል፣ በፎቶ ኮፒ የሚባዙ መጽሔቶች ስለሱ እንዲጽፉ ይጠብቃል፣ ከዛ ቫን ውስጥ ከነዕቃው ተጠቅጥቆ ከከተማ ከተማ ይዞራል። በቃ መንገዱ ይሄ ነበር።

የኛ ሰው ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲከፍት ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር፣ እሱ ግን ደፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን ህንድ አገር አሳትሞ አመጣ፣ ዛሬ ወርቃማው ዘመን እያልን ከምንጠራው ሙዚቃ ስንቱ በዛ በር እንደገባ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ የኔ መመዘኛ አንድ ጥያቄ ናት። ይሄን አልበም ትልቅ ካምፓኒ ከፍሎ ቢያሰራው ኖሮ ይሄው አልበም ይሆን ነበር ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ፣ ምናልባት ድምፁ ትንሽ ጠራ ከማለቱ በቀር ያው ነው ካልን፣ አልበሙ በጣም ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ እኔም ዕድሜ ልኬን ልወደው እችላለሁ፣ ግን ትልቁ ኢንዲ አልበም አልለውም። ነፃነቱ ዘፈኑ ውስጥ መሰማት አለበት። ዓይኔን ጨፍኜ፣ የሌብሉን ስም ሳላይ፣ እነዚህ ሰዎች ማንንም አላስፈቀዱም ብዬ መናገር መቻል አለብኝ።

ጥያቄዋ ብዙ ትልልቅ ስሞችን ታወጣለች። የአር.ኢ.ኤም «መርመር» በ1983 በሮሊንግ ስቶን መጽሔት ተቺዎች ዘንድ የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» በልጦ የዓመቱ አልበም ተብሏል፣ ድንቅ ስራ ነው፣ ግን የወጣበት አይአርኤስ የሚባል ሌብል የሚከፋፈለው ኤ ኤንድ ኤም በሚባል ትልቅ ካምፓኒ በኩል ነበር፣ አልበሙም ሲሰማ የተጣላው ከማንም ጋር አይደለም። የዊልኮ «ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት» ታሪኩ በጣም ደስ ይላል፣ ሪፕራይዝ የሚባለው ሌብል አልፈልገውም አለ፣ ነንሰች የሚባል ሌላ ሌብል ገዛው፣ ሁለቱም ግን የዋርነር ናቸው፣ ማለትም አንድ ቤት ለአንድ አልበም ሁለቴ ከፈለ። ኒርቫናን ዛሬ አላነሳም፣ «ኔቨርማይንድ» የጌፈን፣ የትልቅ ካምፓኒ ነው።

አሁን ከባዱ ጋ መጣን። ሶኒክ ዩዝ፣ «ዴይድሪም ኔሽን»፣ 1988። የሙዚቃ ድረ ገጹ ፒችፎርክ በ2002 የ80ዎቹን 100 ምርጥ አልበሞች ሲደረድር አንደኛ ያደረገው ይሄን ነው፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ለትውልድ ይቆዩ ካላቸው የድምፅ ቅጂዎች ጋር መዝግቦታል። ኒውዮርክ ግሪን ስትሪት ስቱዲዮ ነው የተቀረጸው፣ መሐንዲሱ ኒክ ሳንሳኖ ከራፕ ቡድኑ ፐብሊክ ኤነሚ ጋር የሰራ ሰው ነው፣ ሽፋኑ ላይ ያለችው ሻማ የጀርመናዊው ሰዓሊ የጌርሃርድ ሪሽተር ስራ ናት። ጊታሮቹ እነሱ በፈለጉት መንገድ የተቃኙ ናቸው፣ አንዳንዴ የጊታር ድምፅ መሆኑ ራሱ ይጠፋችኋል፣ ከተማ ውስጥ ሌሊት መኪና እየነዳችሁ መብራቱ ሁሉ እያለፋችሁ ሲሄድ የሚሰማችሁን ስሜት ይሰጣችኋል። እወደዋለሁ። ግን ጥያቄዬን ስጠይቀው፣ እነዚሁ ሰዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ጌፈን ገብተው ያንኑ የራሳቸውን ድምፅ መቀጠል ችለዋል፣ ትልቅ ካምፓኒ በጥሩ ቀኑ ዴይድሪም ኔሽንን ሊያሰራ ይችል ነበር። ትልቅ የሮክ አልበም ነው፣ ከትልልቆቹ ሁሉ ጋር ተወዳድሮ ያሸንፋል። እኔ የምፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው።

የኒውትራል ሚልክ ሆቴል «ኢን ዘ ኤሮፕሌን ኦቨር ዘ ሲ» 1998 ላይ መርጅ በሚባል ትንሽ ሌብል ወጣ፣ የባንዱ መሪ ጄፍ ማንገም የአና ፍራንክን ማስታወሻ አንብቦ ከተረበሸ በኋላ የሰራው ነው፣ በዚህ አልበም ያለቀሱ ሰዎች አውቃለሁ፣ እኔም ከነሱ ውስጥ ነኝ። ግን የአንድ ሰው ህልም ነው፣ ሌሎቹ ህልሙን ያጅቡታል። የስሊንት «ስፓይደርላንድ» ስድስት ዘፈን ብቻ ነው፣ አልበሙ ሳይወጣ ባንዱ ፈርሷል፣ ከሱ በኋላ የመጡ ባንዶች ግን እስከዛሬ ይቀዱታል። ፔቭመንት ስቶክተን ካሊፎርኒያ ውስጥ በድራመሩ ቤት ስቱዲዮ «ስላንትድ ኤንድ ኢንቻንትድ»ን ሰሩ፣ እሱም ቀላል አይደለም። ሊዝ ፌርን እና ስሊተር ኪኒን የማያነሳ ሰው ደሞ ዝርዝሩን እንደገና ይየው፣ የወንዶች ዝርዝር ብቻ ይዞ መዞር ይብቃ፣ የስሊተር ኪኒ «ዲግ ሚ አውት» እኮ ከብዙዎቹ ይልቅ ነፍስ ያለው አልበም ነው።

ለኔ የመጨረሻው ፉክክር በአራት አልበሞች መካከል ነው። አንደኛው የጋይድድ ባይ ቮይስስ «ቢ ታውዘንድ»፣ 1994። ሮበርት ፖላርድ ኦሃዮ ዴይተን ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ የነበረ ሰው ነው፣ ከጓደኞቹ ጋር ምድር ቤት ውስጥ በካሴት በሚቀዳ ባለ አራት ትራክ ማሽን 20 ዘፈን በ36 ደቂቃ ውስጥ አስገብቶ ሰራ፣ የካሴቱ ሹሹታ ይሰማል፣ የሆነ ቦታ ላይ ጊታሩ ብድግ ብሎ ይጠፋል። ትልቅ ካምፓኒ ይሄን ድምፅ አይቀበልም፣ ስለዚህ ጥያቄዬን ያልፋል። ግን በሩን ዘግቶ ለራሱ የሚዘፍን ሰው ይመስለኛል። የሚገርም ነገር ይዘፍናል፣ እኔ ግን በሩ ውጪ ነኝ።

ሁለተኛው ፉጋዚ፣ «ሪፒተር»፣ 1990። ይሄ የኛው ሰፈር ልጆች ስራ ነው፣ እዚሁ ዲሲ፣ የተቀረጸውም አርሊንግተን ኢነር ኢር ስቱዲዮ። የመጀመሪያ ኮንሰርታቸውን በ1987 የተጫወቱት ዊልሰን ሴንተር ነው፣ ብዙ የኛ ሰው በየቀኑ በመኪና የሚያልፈው ህንፃ። መግቢያው አምስት ዶላር እንዲሆን፣ ልጅ ሆነ አዋቂ ማንም በዕድሜው ምክንያት በር ላይ እንዳይመለስ ያደርጉ ነበር፣ ቲሸርት አይሸጡም። ያን ጊዜ ከተማዋ በክራክና በጥይት የተጨነቀችበት ጊዜ ነው፣ አዳምስ ሞርጋን ውስጥ የኛ ምግብ ቤቶች በተደረደሩበት በዛው ዘመን፣ እና አልበሙ ውስጥ ያ ጭንቀት አለ። ልቤ ወደዚህ በጣም ያዘነብላል፣ አልዋሽም፣ ጎረቤት ነው። ሁለተኛ ያደረግኩት በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፣ ፉጋዚ ከመጀመሪያው እስከመጨረሻው እንደተጨበጠ እጅ ነው፣ አንዴም አይላላም። ሚኒትመን ያንኑ አቋም ይዘው እየሳቁ፣ ጃዝና ፈንክ እየቀላቀሉ፣ በመሃል ደሞ ብቻውን የሚጫወት ክላሲካል ጊታር አስገብተው ይሰሩታል፣ ያውም ከስድስት ዓመት በፊት።

ሦስተኛው የሃስከር ዱ «ዜን አርኬድ» ነው፣ እሱን ከሚኒትመን ነጥሎ ማውራት ስለማይቻል አብሮ ይመጣል። ወደ ሳን ፔድሮ እንሂድ።

ሳን ፔድሮ የሎስ አንጀለስ ወደብ ናት። ሆሊውድን እርሱት፣ እዛ ያለው የወደብ ሰራተኛ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ የባህር ኃይል ቤተሰብ ነው። ማይክ ዋት የባህር ኃይል ሰው ልጅ ነው። ዲ ቡን የሰፈሩ ልጅ ነው። የተገናኙት ቡን ዛፍ ላይ ወጥቶ ሲጫወት ዋት አጠገብ ዘሎ ሲወርድ ነው ይላል ዋት፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ሆኑ። የቡን እናት ራሷ ጊታር ትጫወት ነበር፣ ልጆቹ ከትምህርት በኋላ ጎዳና ላይ ከሚውሉ ቤት ውስጥ ቢጫወቱ ይሻላል ብላ ለልጇ ጊታር፣ ለዋት ቤዝ እሷ ወሰነች። ዋት ያኔ ቤዝ ምን እንደሆነ በደንብ አያውቅም፣ ጊታር ላይ አራት ክር ብቻ ትቶ ይጫወት ነበር። እናትየዋ ልጇ ገና ወጣት እያለ አረፈች። የዚህ ሁሉ ሙዚቃ መነሻ የአንዲት እናት ስጋት መሆኑን ሳስብ ሁሌ ይነካኛል።

በ1980 ባንዱን መሰረቱ፣ ትንሽ ቆይቶ ጆርጅ ሀርሊ ድራሙን ያዘ። የመጀመሪያ ስራቸውን ያወጣው ኤስኤስቲ ነው፣ ብላክ ፍላግ የሚባለው የፐንክ ባንድ ጊታሪስት የግሬግ ጊን ሌብል፣ ስሙ የመጣው ሰውየው ቀደም ሲል በፖስታ የሬዲዮ ዕቃ ይሸጥበት ከነበረው ትንሽ ንግድ ነው። ሸክላቸው የሌብሉ ሁለተኛ ቁጥር ነው፣ ሰባት ዘፈን በአንድ ትንሽ ሸክላ። አኗኗራቸውን «ኢኮኖ» ይሉት ነበር፣ ባለችው ኖሮ ባለችው መስራት። የቀን ስራቸውን አይለቁም። ስቱዲዮ የሚገቡት ዋጋው በሚረክስበት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው፣ ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ቴፕ ይገዛሉ፣ ቀረጻ ላይ ጊዜ እንዳይባክን ዘፈኑን ቀድመው እስኪሰለቻቸው ይለማመዱታል። ኮንሰርት ላይ ዕቃውን የሚያወርዱትም የሚጭኑትም ራሳቸው ናቸው። ዋት እንደሚለው ለነሱ ዓለም ላይ ያለው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፣ ኮንሰርት እና በራሪ ወረቀት፣ ኮንሰርት ያልሆነ ነገር ሁሉ ሰውን ወደ ኮንሰርት የሚጠራ ወረቀት ነው፣ አልበሙም ጭምር። ልብ በሉ፣ ዛሬ ትልቁ ነው የምላችሁን አልበም ሰሪዎቹ ያዩት የነበረው እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ነው።

ህዳር 1983 ላይ አንድ አልበም የሚሆን ዘፈን ከቀረጻ መሐንዲሱ ኢታን ጄምስ ጋር ቀርጸው ጨርሰው ነበር። ከዛ ሃስከር ዱዎች ከሚኒሶታ መጥተው ሬዶንዶ ቢች ላይ ድርብ አልበም እንደቀረጹ ሰሙ፣ ያ ነው ዜን አርኬድ፣ ከቤቱ የወጣ ልጅ ታሪክ፣ 23 ዘፈን፣ ቀረጻና ሚክሱ (ድምፆቹን ማዋሃዱ) በጠቅላላ 85 ሰዓት፣ 3,200 ዶላር፣ አብዛኛው አንዴ ተጫውተው ያስቀሩት። ሚኒትመኖች ይሄን ሲሰሙ አልቀኑም፣ እኛም እንችላለን አሉ። ወደ ሁለት ደርዘን የሚጠጋ አዲስ ዘፈን ጽፈው ሚያዝያ 1984 እንደገና ገቡ፣ ሚክሱ በአንድ ሌሊት ተሰራ። ኤስኤስቲ ሁለቱን አልበም አብሮ ሐምሌ ላይ አወጣ፣ ካታሎግ ቁጥራቸው ራሱ 27 እና 28 ነው፣ ሚኒትመኖች ሽፋናቸው ውስጥ ለሃስከሮች እንካችሁ የምትል የጓደኛ ለከፋ ጽፈዋል። አንድ ሌብል በአንድ ወር ሁለት እንዲህ ዓይነት ስራ አወጣ፣ ከኋላቸው ምንም ትልቅ ገንዘብ የለም። ዜን አርኬድን ራሱ ኤስኤስቲ ፈርቶ በጥቂት ሺህ ኮፒ ነው የጀመረው፣ ቶሎ አልቆ ባንዱ ቱር ላይ እያለ ሱቅ ውስጥ ጠፋ።

ከሁለቱ ለምን ደብል ኒክልስ? ዜን አርኬድ ቁጣው ኃይለኛ ነው፣ ግን ጊታሩ ሁሉንም ይሸፍናል፣ ግድግዳ ነው። ደብል ኒክልስ ላይ የሚሆነውን ላሳያችሁ።

(እዚህ ጋ «ዘ ግሎሪ ኦፍ ማን»ን አሰማሁ፣ ሦስት ደቂቃ አይሞላም።)

ይሄን መኪና ውስጥ ሞክሩት። ማጫወቻው ላይ ቤዝ የሚለውን ሙሉ በሙሉ ቀንሱት። የቡን ጊታር ሙሉውን ይቀራል፣ ምንም አልጎደለበትም፣ ቀጭን፣ ስል፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚጭር ሚስማር። አሁን ቤዙን መልሳችሁ ትሬብል የሚለውን ቀንሱት። ጊታሩ ይጠፋል፣ ግን ዘፈኑ አይሞትም፣ የዋት ቤዝ ብቻውን ዜማውን ይዞ ይሄዳል። ሌላ የሮክ ባንድ ላይ ይሄን ብታደርጉ ወይ ጊታሩ ይልፈሰፈሳል ወይ ቤዙ ዝም ብሎ ዱም ዱም ይላል። እዚህ ግን ሁለቱ ሰዎች ቦታ ተከፋፍለዋል። በአጋጣሚ አይደለም፣ ቡን ሆን ብሎ ነው ወፍራሙን ድምፅ ከጊታሩ ያወጣው፣ ቤዙና ድራሙ ቦታ እንዲያገኙ ብሎ፣ ባንድ ውስጥ አንዱ አለቃ ሌላው አጃቢ መሆን የለበትም ብሎ ስለሚያምን። ፖለቲካውን በግጥሙ ብቻ አልተናገረውም፣ የአምፕሊፋየሩ ቁልፍ ላይ ሰራው። ትልቅ ካምፓኒ የቀጠረው ፕሮዲዩሰር ቢኖር መጀመሪያ የሚያደርገው ጊታሩን ማወፈር፣ ዘፋኙን ፊት ማምጣት፣ ቤዙን መደበቅ ነበር፣ በዛች ሰከንድ አልበሙ አለቀ።

አደራደሩም እንደዛው ነው። ሁለት ሸክላ አራት ገጽ አለው፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ገጽ ሰጡ፣ ዕጣ አውጥተው ተራ በተራ ዘፈን መረጡ፣ ዕጣው ለድራመሩ ለሀርሊ ወጣና እሱ መጀመሪያ መረጠ። እያንዳንዱ ገጽ የሚጀምረው በባለገጹ መኪና ሞተር ድምፅ ነው። የተረፈውን አራተኛው ገጽ ላይ አስገብተው «ገለባ» ብለው ሰየሙት። ግጥሙንም ቢሆን ለብቻቸው አልያዙትም፣ የብላክ ፍላጉ ዘፋኝ ሄንሪ ሮሊንስ አንድ ጻፈላቸው፣ ኤስኤስቲ ውስጥ የሚሰራው ጆ ካርዱቺ አንድ ጻፈላቸው፣ ሌሎች ጓደኞችም አሉ።

ስለ ዲ ቡን ግጥም ሁለት ነገር ልበል። የመኪና መለዋወጫ ቤት ሲሰራ ሬዲዮ ላይ የጥቁሮችን ሙዚቃ ከፍቶ አለቃው በዘረኛ ስድብ አስጠፋው፣ ቡን ስራውን ይፈልገዋል፣ ኪራይ አለ፣ መልስ መስጠት አይችልም። ከዛ የወጣው ዘፈን «ዚስ ኤንት ኖ ፒክኒክ» ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ስራ ቦታ ላይ የሆነ ነገር ሰምቶ ልጆቹን አስቦ ዝም ያለ ሰው ካለ፣ ይሄን ዘፈን ማንም ሊያብራራለት አያስፈልግም። ቪዲዮውን ደሞ በትንሽ ገንዘብ ሰሩት፣ ሮናልድ ሬገን ተዋናይ በነበረ ጊዜ ፓይለት ሆኖ የተወነበትን አሮጌ ፊልም ቆርጠው አስገቡና ፕሬዝዳንቱ ከአውሮፕላን እነሱ ላይ ይተኩሳል።

ሌላው «ኮሮና» ነው። ዜማውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጃክአስ የሚባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም መክፈቻ ነው፣ ሰው እዛ ላይ ሰምቶት ይስቃል። ዘፈኑ ግን እንዲህ ነው የመጣው፣ የጁላይ 4 በዓል ላይ ሜክሲኮ ወርደው ባህር ዳር አድረው ጠዋት ሲነሱ አንዲት ሴት አሸዋው ላይ የተጣለ የቢራ ጠርሙስ ትለቅማለች፣ መልሳ ሸጣ ሳንቲም ለማግኘት። አሜሪካ የነፃነት ቀኗን ስታከብር ማለት ነው። ቡን ያየውን ነው የዘፈነው፣ ሴትየዋን አላሳነሳትም፣ ራሱንም ጀግና አላደረገም፣ ያለኝ አንድ ጠርሙስ ብቻ ነበር ነው የሚለው። ጊታሯ ከድንበር ማዶ የመጣች ትመስላለች፣ ድራሙ እንደ ፖልካ ይሮጣል፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ፣ አለቀ። ይሄን ያህል ነገር በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ የተናገረ ሌላ የሮክ ዘፈን ካለ ንገሩኝ።

(እዚህ ጋ አንድ ወንድም እጁን አውጥቶ፣ ራሳቸው ገለባ ነው ያሉት ገጽ ያለበት አልበም እንዴት ትልቁ ይባላል አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።)

አዎ፣ 45ቱም እኩል አይደሉም፣ አንዳንዱ ሐሳቡ ሳይጨርስ ያልቃል። ግን ገለባ ያሉት ገጽ ላይ «አንታይትልድ ሶንግ ፎር ላቲን አሜሪካ» አለ፣ «ጂሰስ ኤንድ ተኪላ» አለ፣ ሌላ ባንድ ቢሆን በእነዚህ ሁለት ዘፈኖች ብቻ ዓመት ሙሉ ይዞርባቸው ነበር። ደሞ አንድ ነገር አስቡ፣ 12 ዘፈን መርጠው 33ቱን ጥለው ቢሆን ኖሮ አሪፍ የተጣራ አልበም ይኖረን ነበር፣ ግን ሰዎቹን አናውቃቸውም ነበር። አሁን ግን ሲያነቡ የነበረውን ሳይቀር ታውቃላችሁ፣ ዋት የጄምስ ጆይስን «ዩሊሲስ» ያነብ ነበር፣ «ጁን ሲክስቲንዝ» የሚለው ዘፈን ርዕስ መጽሐፉ የሚውልባት ቀን ናት። ያደጉበትን ክሪደንስን ይጫወታሉ፣ ስቲሊ ዳንን ይጫወታሉ፣ ቫን ሄለንን ይጫወታሉ፣ ፐንክ ነን ብለው የሚወዱትን አይደብቁም። «ሂስትሪ ሌሰን ፓርት ቱ» የሚለው ዘፈን ደሞ በቃ የሁለት ጓደኛሞች ታሪክ ነው፣ ግጥሙን ዋት ጽፎ ቡን ይዘፍነዋል፣ እኔና ማይክ ዋት ለዓመታት አብረን ተጫወትን እያለ፣ የሚያደንቋቸውን ሙዚቀኞች ስም እየጠራ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የዘፈኑ የመጀመሪያ መስመር ባንዳችን የናንተም ህይወት ሊሆን ይችላል ይላል፣ ማይክል አዜራድ በ2001 ስለነዚህ ሁሉ ባንዶች ለጻፈው መጽሐፍ ርዕስ ያደረገው እሷን ነው። ብዙ ሰው ስለ ኢንዲ የሚያውቀውን ያወቀው ከዛ መጽሐፍ ነው፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ደሞ የዋት ቃል ነው።

ስለ አልበሙ ሽፋን ጠይቃችሁኛል። ዋት ፎልስዋገኑን እየነዳ ከኋላ የተነሳ ፎቶ ነው፣ ሃርበር ፍሪዌይ ላይ፣ ከፊት የሳን ፔድሮ ምልክት ይታያል፣ ፍጥነት መለኪያው በትክክል 55 ላይ ነው፣ ህጉ የሚፈቅደው። ያን ሰሞን ሳሚ ሄጋር 55 መንዳት አልችልም የሚል ዘፈን ነበረው። እነሱ ያሉት፣ መኪናውን በህጉ እንነዳለን፣ የምናብደው ሙዚቃው ላይ ነው። የአልበሙ ስም በከባድ መኪና ሾፌሮች ቋንቋ 55 በኢንተርስቴት 10 ማለት ነው።

ታህሳስ 22 ቀን 1985 ዲ ቡን ትኩሳት ይዞት ቫኑ ኋላ ተኝቶ አሪዞና በረሃ ውስጥ በዛው በኢንተርስቴት 10 እየሄዱ ሳለ ቫኑ ከመንገድ ወጣ፣ ቡን በኋላ በር ተወርውሮ አንገቱ ተሰብሮ ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር። ከዘጠኝ ቀን በፊት ኖርዝ ካሮላይና ሻርለት ከአር.ኢ.ኤም ጋር የመጨረሻ ኮንሰርታቸውን ተጫውተው ነበር። ሚኒትመን በዛው ቀረ። ዋትና ሀርሊ ኤድ ክሮፎርድ ከሚባል፣ የባንዱ አድናቂ ሆኖ ከኦሃዮ ከመጣ ልጅ ጋር ፋየርሆዝን መሰረቱ፣ ዋት የሰራውን አልበም ሁሉ ለዲ ቡን መታሰቢያ ነው የሚያደርገው። እኔ ግን አልበሙ ትልቅ የሆነው ሰውየው ስለሞተ ነው ከሚሉት ጋር አልስማማም። እስኪ ሳታውቁ ስሙት፣ ውስጡ ሞት የለም፣ ነገ ስራ የሚገባ፣ ሌሊት የሚቀርጽ፣ ጓደኛውን የሚወድ ሰው ነው ያለው።

የመጨረሻው ጥያቄ የትኛውን ኮፒ እንግዛ የሚል ነበር። ሸክላውን ካገኛችሁ ሸክላውን ውሰዱ፣ ሙሉው እሱ ላይ ነው። ሲዲው ቦታ ስላልበቃው ዘፈኖች ተቀንሰውበታል፣ በ1987 የወጣው የመጀመሪያው ሲዲ ደሞ ሚክሱ ራሱ የተቀየረ ነው፣ ዋት ጠልቶት በኋላ ወደ ድሮው እንዲመለስ አስደርጓል፣ ስለዚህ አሮጌ ሲዲ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ዓመቱን እዩ። 45ቱን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ። ከማይክ ገጽ ጀምሩ፣ «ኮሮና»ም «ዘ ግሎሪ ኦፍ ማን»ም «ሂስትሪ ሌሰን»ም እዛ ላይ ናቸው፣ ቀጥሎ የዲ ቡንን ገጽ፣ ከዛ የጆርጅን፣ ገለባውን መጨረሻ ላይ። ሪፒተርን ደሞ በሚቀጥለው አብረን እንሰማዋለን፣ የሱ ደጋፊዎች ክርክራችሁን ይዛችሁ ኑ።